የከተማ ዳርቻ ቤት፦ ከግዢ በፊት በቤቱና በአካባቢው ላይ ሊጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በከተማ ዳርቻ ቤት ለመግዛት የሚነሣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱን የሚያሳርፈው በቤቱ ላይ ነው። የመኝታ ክፍሎቹ ብዛት፣ የወለሉ ንጣፍ፣ የግቢው ስፋትና የአጥሩ ከፍታ በጥንቃቄ ይታያሉ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ለምን አገልግሎት እንደተያዘ፣ ልጆች በየትኛው መንገድ ትምህርት ቤት እንደሚመላለሱ ግን ቤተሰቡ ከገባ በኋላ የሚታወቅ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የቤቱን ጉድለት ግንበኛ ሊያርመው ይችላል፤ የአካባቢውን ጉድለት ማረም ግን ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። በመሆኑም የዓመታት ቁጠባ ከመከፈሉ በፊት ቤቱና አካባቢው አብረው ሊመረመሩ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ የሚገኝ ሲሆን፣ ቀሪው ከጎረቤት ይገኛል።

ለማብራሪያው እንዲረዳ አምስት አባላት ያሉት አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ይወሰድ። ቤተሰቡ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት ባሻገር፣ በ200 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያረፈ ቤት ለመግዛት አስቧል። ምሳሌው የአዲስ አበባ ቢሆንም የሚነሡት ጥያቄዎች በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ወይም በአዳማ ዳርቻ ቤት ለሚፈልግ ሰውም ያገለግላሉ። የሚለያየው የጽሕፈት ቤቶቹ ስያሜና የአገልግሎት ክፍያው ነው።

ይዞታው የማን ነው? ማህደሩስ የት ይገኛል?

በተለምዶ «ካርታ» የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት የመጀመሪያው ሰነድ ነው። ደላላው ወይም ሻጩ የሚያሳየው ቅጂ ግን ለውሳኔ በቂ አይደለም። ቅጂው ከተነሣ በኋላ ይዞታው ለባንክ ዋስትና ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም ለሌላ ሰው ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን ይዞ የይዞታው ማህደር ወደሚገኝበት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመሄድ የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ የተፈቀደው የመሬት አጠቃቀም፣ እንዲሁም ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ከማህደሩ ጋር እንዲመሳከርለት ማድረግ ይኖርበታል። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የካዳስተር ምዝገባ በተካሄደባቸው ቀጠናዎች እያንዳንዱ ይዞታ የራሱ መለያ ኮድና በመጋጠሚያ ነጥቦች የተወሰነ ወሰን ስላለው ማመሳከሩ የቀለለ ነው። አጥሩ ከተመዘገበው ወሰን ወጥቶ ከተገኘ ትርፉ ቦታ የሚሸጥ ንብረት አይደለም፤ በዋጋው ውስጥ መቆጠርም የለበትም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤት የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያለባቸው ሲሆን፣ ይኸውም ቤቱ በየትኛው ከተማ አስተዳደር ሥር እንዳለ ማወቅ ነው። ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ሰበታንና ገላንን ጨምሮ በዙሪያው የነበሩ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተደራጅተዋል። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቤቶች የተለያየ አስተዳደር ሊኖራቸው ይችላል። አስተዳደሩ ሲለያይ ካርታው የሚረጋገጥበት፣ ግብር የሚከፈልበት፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠየቅበትና የነዋሪነት መታወቂያ የሚወጣበት ቦታ ይለያያል። ይህ ሳይጣራ ተገዝቶ በተሳሳተ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሳምንታት የሚጠፉበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ብዙ ገዢዎች የማያውቁት ጉዳይ ደግሞ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 721 እንደሚለው፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ስለሆነም ሻጩ ይከፍለው የነበረው አነስተኛ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ለገዢው እንዳለ እንደሚቀጥል አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቦታው ቀድሞውኑ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ምን ያህል እንደቀረና ማን እንደሚከፍለው በውሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ግንባታው ተጀምሮ በእንጥልጥል ያለ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ፣ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሚደረግ የሊዝ መብት ዝውውር በሕጉ የተለየ ሥነ ሥርዓት የተቀመጠለት መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በዳርቻ አካባቢዎች ዋጋው ከሌላው በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ የሚቀርብ ቤት ሲያጋጥም ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» የሚለው፣ ያለ ፈቃድ በሕገ ወጥ ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት፣ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሁለትና በሦስት ምስክሮች ፊት በተጻፈ የመንደር ውል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቤት በሕጋዊ መንገድ ቆጣሪ ለማስገባት፣ በባንክ ለማስያዝ ወይም ለልጅ ለማውረስ ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ በመሆኑ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ሻጮች «ሰነድ አልባ ነው እንጂ ሕገ ወጥ አይደለም፤ በቅርቡ ካርታ ይወጣለታል» ማለታቸው የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲስተናገዱ የ1988 ዓ.ም. የአየር ካርታና የ1997 ዓ.ም. የመስመር ካርታ ማጣቀሻ ሆነው እንዳገለገሉ መታወስ አለበት። ከዚያ በኋላ የተሠራን ቤት «ካርታ ይወጣለታል» በሚል ተስፋ መግዛት ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ሊሸጥ እንደማይችል በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይደነግጋል። ቤቱ በውርስ የተገኘ ሲሆን በፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ መታየትና ወራሾቹ በሙሉ መስማማት አለባቸው። በውጭ አገር ያለ ወራሽ በወኪል የሚፈርም ከሆነ የውክልና ሥልጣኑ ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ መሆኑ ይነበባል። «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» የሚለው አባባል በራሱ መልስ አይሆንም።

ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ

የቤቱ ሰነድ የጸዳ ቢሆንም ቤቱ ያለበት አካባቢ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው በከተማው ፕላን ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ያዘጋጃሉ። የመጀመሪያው የከተማውን አጠቃላይ የዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና መንገዶችንና የመሬት አጠቃቀምን ያሳያል። ሁለተኛው በሰፈር ደረጃ ወርዶ የውስጥ መንገዶችን፣ የሕንፃ ከፍታን፣ የአረንጓዴ ቦታዎችንና የማኅበራዊ አገልግሎት ስፍራዎችን ይለያል። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው ቦታ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና 40 በመቶውን ለግንባታ በመመደብ መርህ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ምጣኔ ለቤት ገዢ ሩቅ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ገና ባልለማ ዳርቻ ላይ ለመንገድና ለአረንጓዴ የተያዘው ቦታ ዛሬ ባዶ ሜዳ፣ የጤፍ ማሳ ወይም የአንድ ሰው የጓሮ አጥር ሆኖ ሊታይ ይችላል ማለት ነው።

በምሳሌው ያለው ቤተሰብ ከበሩ ፊት ለፊት ሰፊ ክፍት ቦታ አይቶ ደስ ብሎታል እንበል። ቦታው በፕላኑ ላይ የልጆች መጫወቻ ወይም ትምህርት ቤት ከሆነ ደስታው ተገቢ ነው። ለሰፊ መንገድ የተያዘ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ መንገዱ ሲሠራ ይዞታውን ይነካዋል ወይ? ደላሎች «በቅርቡ አስፋልት ይመጣል» ሲሉ የቤቱን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ነው፤ አስፋልቱ በሳሎኑ መሀል የሚያልፍ ይሁን አይሁን ግን አይነግሩም። ይህን የሚመልሰው በክፍለ ከተማ ወይም በከተማ ደረጃ የሚገኘው የፕላን ጽሕፈት ቤት ነው። ገዢው የካርታውን ቅጂና የቦታውን መጋጠሚያ ነጥቦች ይዞ በመቅረብ ይዞታው በመንገድ ክልል፣ በወንዝ ዳርቻ ክልል ወይም በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር መውደቅ አለመውደቁን መጠየቅ ይችላል። ቤቱን ወደፊት ባለ አንድ ፎቅ ለማድረግ ወይም ከፊቱ ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ደግሞ በዚያው ቀን የተፈቀደውን ከፍታና አጠቃቀም ይጠይቅ። ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት ስለሚጠየቅ ፕላኑ የማይፈቅደውን ሐሳብ ይዞ ቤት መግዛት ኋላ ላይ ያስከፋል።

አፈሩም ከፕላኑ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ፣ በተለይም በቦሌና በአቃቂ ሜዳማ አካባቢዎች በስፋት የሚገኘው መረሬ፣ በሌላው አገር ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ያለ በቂ ጥንቃቄ የተጣለ መሠረት ቤቱን በየዓመቱ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ምልክቱ በመስኮትና በበር ማዕዘኖች ላይ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ከግድግዳው የተላቀቀ የግቢ ንጣፍ፣ በክረምት የማይዘጋ በር ነው። ለሽያጭ ሲባል አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ስንጥቁን ሊሸፍን ስለሚችል የጎረቤት አጥርና ግድግዳ ማየት ይጠቅማል፤ ጎረቤቱ ቤቱን ስለማይሸጥ ስንጥቁን አልሸፈነም።

ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው በዋናነት ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች የጉድጓድ መስኮች ነው። ከአያት ባሻገር ያለ ሰፈር ለለገዳዲ ቅርብ ነው፤ ይሁን እንጂ ለግድብ መቅረብ ለቧንቧ መቅረብ ማለት አይደለም። ወሳኙ የማከፋፈያ መስመሩ የት እንደደረሰ፣ ሰፈሩ ከውሃ ማጠራቀሚያው አንጻር ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለና በየስንት ቀኑ በፈረቃ እንደሚያገኝ ነው። ስለ ፈረቃው ሻጩን ብቻ ሳይሆን በዚያው መስመር ላይ ያሉ ሁለትና ሦስት ቤቶችን መጠየቅ ይሻላል። ውሃው ሌሊት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቀን ላይ ቧንቧ ከፍቶ ማየት ምንም አያስረዳም።

ከፈረቃው የሚነሣው ስሌት ቀላል ነው። አምስቱ የቤተሰብ አባላት እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቢጠቀሙ የቤቱ የቀን ፍጆታ 200 ሊትር ይሆናል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለአምስት ቀን፣ 2,000 ሊትር የሚይዘው ደግሞ ለአሥር ቀን ያገለግላል። ውሃው በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው አይበቃም። ትልቁን በማማ ላይ ለመስቀል ሲታሰብ ደግሞ የሞላ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ውሃው ብቻ 20 ኩንታል እንደሚመዝን መታሰብ አለበት። ነባሩ የብረት ማማ ይህን የሚሸከም መሆኑን ባለሙያ ይየው።

ኤሌክትሪክን በሚመለከት አምፖሉ መብራቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከጎረቤት ቆጣሪ የተሳበ መስመር ነው የሚጠቀመው? ቆጣሪው በማን ስም ነው? ያልተከፈለ ሒሳብ አለበት? አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይጠቀማል። ከጎረቤት በተሳበ ቀጭን ሽቦ ምጣድ የሚጣድበት ቤት የእሳት አደጋ ያለበት ቤት ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለነዋሪው ብዛት የማይመጥን ከሆነም ብዙ ቤቶች እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት መብራቱ ሲደክም ወይም ሲቋረጥ ይታያል።

ፍሳሽ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። አብዛኛው የዳርቻ ቤት ከማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር ጋር ስላልተገናኘ በግቢው ውስጥ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይኖረዋል። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ መክደኛው በሊሾ ሥር ተቀብሮ አለመቅረቱን፣ የፍሳሽ ማንሻ መኪና በሰፈሩ ውስጥ አልፎ ቱቦውን እስከዚያ ማድረስ መቻሉን ማየት ያስፈልጋል። መኪናው የማይገባበት ጠባብ መንገድ ያለው ሰፈር ጉድጓዱ በሞላ ቁጥር ይቸገራል። የዝናብ ውሃ መውረጃም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ከተሠራና ቦይ ከሌለ የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን ትቶ በግቢው ያልፋል። በብዙ ከተሞች የሰፈር ኮብልስቶን የሚነጠፈውና ቦይ የሚሠራው ነዋሪው መዋጮ አዋጥቶ ከአስተዳደሩ ጋር በመተባበር ስለሆነ፣ ቤቱ ያልተከፈለ መዋጮ እንዳለበት የሰፈሩን ኮሚቴ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ገበያና እድር

«ትምህርት ቤት ቅርብ ነው» የሚለው መልስ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ካልተገለጸ ምሉዕ አይደለም። በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት በ6ኛ ክፍል የሚያበቃ ከሆነ የ11 ዓመቷ ልጅ ከአንድ ዓመት በኋላ ዋናውን መንገድ ተሻግራ ሌላ ሰፈር መሄድ ይኖርባታል። የሚሻገሩበት ቦታ የእግረኛ ማቋረጫ አለው ወይ? ይህን ለማወቅ ከቢሮ ይልቅ በእግር አብሮ ሄዶ ማየት ይሻላል።

በጤናው ዘርፍ አደረጃጀት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በፍጥነት በሚሰፋ ዳርቻ ላይ ቤቶቹ ከጤና ጣቢያው ቀድመው ስለሚደርሱ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ በሌሊት ወዴት እንደሚሄድና በምን እንደሚሄድ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የዕለት ኑሮው በትናንሽ ነገሮች የሚወሰን ነው። ወፍጮ ቤት፣ ጉልት፣ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ፣ የእሑድ ገበያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ካሉ የቤት ወጪ ይቀንሳል፤ ከሌሉ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ታክሲ ይሳፈራሉ። እድርም ከዚህ ጋር የሚነሣ ነው። ቤተሰቡ የቀድሞ ሰፈሩን እድር ከመተዉ በፊት በአዲሱ ሰፈር ያለው እድር አዲስ አባል የሚቀበል መሆኑን፣ የመግቢያ ክፍያውንና አባሉ አገልግሎት ማግኘት የሚጀምርበትን ጊዜ ቢጠይቅ መካከል ላይ ያለ እድር አይቀርም። በዚያውም የእድሩ ዳኛ ስለ ሰፈሩ ውሃ፣ ጸጥታና ጎርፍ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ሆነው ይገኛሉ።

ቤቱን በየትኛው ሰዓት ማየት ይሻላል?

ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እሑድ ረፋድ ላይ፣ በፀሐይ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ለሻጭ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ገዢው ግን በሥራ ቀን ከንጋቱ 12፡30 ላይ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ሥራ ቦታው ራሱ ቢጓዝ፣ ስንት ታክሲ እንደሚይዝ፣ ሰልፉ ምን ያህል እንደሚረዝምና በቀን ምን ያህል እንደሚያወጣ በአንድ ጠዋት ያውቃል። በምሳሌው ያለው ቤተሰብ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ስለሚሄድ ጥቅም ያገኛል። ይሁንና ከቤቱ እስከ አያት ያለው መንገድ በእግር የማይሞከር ከሆነ የባቡሩ ቅርበት ግማሽ ቅርበት ነው። ሁለተኛው ጉብኝት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቢሆን የመንገድ መብራት መኖሩንና ከታክሲ ማውረጃው እስከ ቤቱ ያለውን ጸጥታ ያሳያል። የሚቻል ከሆነ ሦስተኛው በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን።

ውሉና ርክክቡ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ እንደሚያስፈልገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል። ይህን አገልግሎት የሚሰጠው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም ነው። ከፍተኛ ገንዘብ በቀብድ ስም ከዚህ በፊት መክፈል አይመከርም። ቀብድ መክፈል ግድ ከሆነም መጠኑ አነስተኛ ሆኖ፣ በማህደሩ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ቢሆን ማስረጃ ይኖረዋል። በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ሊሆን ይገባል። ቀረጥና ክፍያ ለመቀነስ ሲባል ዝቅ አድርጎ ማጻፍ ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚመለስለት በወረቀት ላይ ያለው ብቻ እንዲሆን ያደርጋል።

ውሉ ከተመዘገበ በኋላ የስም ዝውውሩ ሳይዘገይ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ይፈጸማል። ቤተሰቡ ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ ወረዳ በነዋሪነት ይመዘገባል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ ይህን ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል ከክረምቱ ማብቂያ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። የውሃና የመብራት ቆጣሪዎቹም ወደ አዲሱ ባለቤት ስም እንዲዛወሩ ለየተቋማቱ ማመልከቻ ይቀርባል። ቁልፍ በሚረከቡበት ዕለት የሁለቱም ቆጣሪዎች ንባብ በወረቀት ተጽፎ ሻጭና ገዢ ይፈርሙበታል፤ አንዱ ቅጂ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።